የበር ሩሎ

ሸዋ በር፣ ይማም ሱቅ፣ ሩሎ ተሰቅሏል፤
ጸጉራሙ፣ ትልቁ፣ እንደ ሙክት ደልቧል።
«ለምንህ ነው?» ሲለኝ፣ «ለእንጨት በር» አልኩት፤
«ተው ጸጉራሙን» አለኝ፣ «በሩ ላይ ጢም አታብቅልበት።
ያችን ትንሿን ውሰድ፣ ስፖንጇን፣ ለስላሳዋን፤
ጠርዙን በብሩሽ ያዝና፣ በሷ ዳብሰው ሆዱን።
ግድግዳን አልፈውት ይሄዳሉ፤
በርን ግን ቆመው ያነቡታል።»

እኔ ቸኩያለሁ። ጉሙ ከጦሳ ሳይወርድ
የእትዬ ሸምሲያን በር ቀብቼ ልሄድ።
ትልቁን ገዛሁ።
ሁለቴ ሽቅብ፣ ሁለቴ ቁልቁል፤
«አለቀ!» ብዬ ሒሳቤን ተቀበልኩ።

ዘንድሮ፣ በስምንት ዓመቱ፣
ለወንድሜ ልጅ ሽማግሌ ሆኜ
ከሦስት ጋቢ ለባሾች ጋር
ያንኑ በር አንኳኩተን ቆመናል።
«ማነው?» የሚል የለም። ካፊያው ያካፋል።
ዓይኔስ የት ይሂድ?
አረንጓዴው ቀለም እንደ ተነጨ ዶሮ ቆዳ ሻክሮ፣
መሐል ላይ፣ ልክ በአፍንጫዬ ትይዩ፣
ሦስት ዘለላ ጸጉር
ደርቆ፣ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ማንም ሳያይ በጥፍሬ ልነቅል ስል
በሩ ወለል አለ። ጣቴ አየር ላይ ቀረ።
ሸምሲያ ጣቴን አየች፣ በሩን አየች፤
«እናንተ ግቡ» አለች፣
«አንተ መጀመሪያ በሬን ጨርስልኝ።»