አራት ነጥብ

ሦስት ልጅ ቀብሬ፣ በአራተኛው ጊዜ
«አትንኩት» አልሁት ስሙን፣ በፍርሃት በትካዜ።
ጎረቤት ሰማኝ፤ በሽታም የሰማኝ መሰለ፤
ኩፍኙ ደጄን አልፎ ሌላ ቤት ዋለ።
ውሻ ግን የሰው ስም አያውቅም።

የነከሰው የኛው ነው፣ ከሩቅ አይደል የመጣ፤
አባቱ ከዘውዴ ጋራ በአጥር ሲሟገት ሲቆጣ
«ማን ያውቃል» ብሎ ሰየመው፣ ነገሩ በውሻ ይውጣ።
ሦስት ቀን ጠፍቶ ሰንብቶ፣ በሞጣ ገበያ ሐሙስ
መጣ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ለሀጩ ሲንጠባጠብ ሲፈስ።
ልጄ ዳቦውን ይዞ ወጣ፣ «ርቦት ነው» ብሎ ሊያጎርስ።

ከዚያ እጁን እጅጌው ውስጥ ደበቀ።
«እሾህ ነው እማ» አለኝ፤ ዐይኑ ከዐይኔ ራቀ።
ድንጋይ እንዳይወርድበት፣ ዱላ እንዳያርፍበት
ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ ምስጢር ጠበቀለት።

ማታ እጅጌውን ስሰበስብ
አየሁት፦ አራት ነጥብ፤
መምህር ዐረፍተ ነገር ዘግቶ እንደሚያኖረው፣
«ከዚህ ወዲያ ቃል የለም» እንደሚለው።

ዘውዴ ሰማ፣ ያው ባለ አጥሩ፤ ቂሙን ትቶ መጣ።
«ዓባይ አፋፍ ላይ ሥር የሚምስ አለ፣ ልጁ ይጠጣ፤
በቅሎዬ ተጭናለች፣ ሌሊቱን እንውጣ።»
ደግ ሰው ነው ዘውዴ።
እኔ ግን የታየኝ ወንድሜ ነው፣ ልንገረው፤
እሱም ያንን ሥር ጠጥቶ፣ ቁስሉ ሽሮ፣ ሲቦርቅ ነው የማስታውሰው፣
እስከ አርባኛው ቀን። በቅል ውሃ ሲሰጡት ጮኸ።
ጉሮሮው በጥም ነዶ፣ ቅሉን በእጁ መታ፤
የቀረውን አልናገርም፣ ይቅርታ።

«አይሆንም» አልሁት ዘውዴን። ለገበያ ያሰብሁትን
አወጣሁ ከካርቶኑ፣ የጉልቴን ሳሙና፣ ትርፌን።
ቦኖው ሥር እጁን ዘርግቼ፣ ውሃው ሳይቋረጥ እየወረደ
አጠብሁት፤ አረፋው ቀላ፣ ነጣ፣ ቦዩን ይዞ ሄደ።
«ቁጠር» አልሁት። የሚያውቀው እስከ መቶ ነው፣ ያውም የተማረው ትናንት፤
መቶ ሲል እንደገና ከአንድ አስጀመርሁት፤
ዘጠኝ ጊዜ መቶ፣ እያለቀሰ አስቆጠርሁት።

ሌሊቱ አልነጋ ብሎ ነጋ። በባጃጅ፣ ሆስፒታል።
ሲስተር እናንየ ካርድ አወጣች፤ «ቀን ዜሮ» ይላል።
«ዜሮ ደግሞ ቀን ነው?»
«የናንተማ ዛሬ ነው።
ከዚያ ሦስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ አራት፣ ደግሞ ሃያ ስምንት፤
ቁስሉ ሻረ ብለሽ እንዳታስቀሪው፣ አንድ ዕለት።»
ክንዱን ወጋችው፣ የቁስሉንም ዙሪያ፤
መርፌዋን «ነከሰችኝ!» አላት።
እንባው ሳይደርቅ ካርዱን እያገላበጠ፦
«ማን ያውቃልስ? እሱ ካርድ አለው?»

እስክሪብቶዋ ቆመ።
በዓመት አንድ መርፌ ነበር። ለአጥሩ ሙግት የከፈልነው
ስንት ውሻ ያስከትብ ነበር፣
ማን ያውቃል።

ያን ዕለት ከከተማው ዳር ገድለው ቀበሩት፤
ለልጄ ግን «ጠፋ» አልሁት፣ በተራዬ ደበቅሁበት።

ሦስተኛውን በባጃጅ፤ ሰባተኛውን በዝናብ፣
ጉልቴን ዘግቼ፣ በጀርባዬ፣ ጭቃው ጫማዬን ሲስብ።
በዐሥራ አራተኛው አባቱ «ድኗል እኮ፣ ይበቃል» አለ፤
የልንገረውን ስም ጠራሁ። ዝም ብሎ ልጁን አዘለ።

አርባኛው ቀን መጣ። ነጥቦቹ ነጥተዋል።
ለማንም ሳልናገር ውሃ ቀዳሁ በብርጭቆ፤
ጉሮሮውን እያየሁ ቆምሁ፣ ትንፋሼ ደረቴ ውስጥ ታንቆ።
ተቀበለኝ።
ግጥም አድርጎ ጠጣው፤ አፉን በእጅጌው ጠረገ፤
«ጨምሪልኝ» አለ።