ማሳው

"ባትሪው ነው" አለ ይመር፤ "ባትሪው ነው" አለ ጎረቤት፤
"ባትሪው ነው" አለኝ ባለባጃጁ፣ ገና ሳንደርስ ካለችበት።

ከኮምቦልቻ ተነሥቼ፣ የቦርከናን ድልድይ አልፌ፣
ቴስተር፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ በማዳበሪያ ጠቅልዬ አቅፌ
ደረስኩ። ማሲዋ ቆማለች፣ ከግራሩ ሥር ተገትራ፣
ቀይ ቀለሟን ፀሐይ ልሶት፣ ዶሮ በወንበሯ ሠፍራ።
ሦስት ቀን ሙሉ ዘንቧል፤ ሰኔ አይጠብቅም ሰው፤
መሬቱ ጠጥቶ ረክቶ፣ "የታለ" ይላል "የሚያርሰው?"

"ቁልፉን አዙረው።"
ጠቅ።
"ድገመው።"
ጠቅ።
እንደ አኩራፊ ምላስ፣ ሊናገር ብሎ እንደተወው።

"ሁለት ባትሪ ገዛሁ እኮ! አንዱን ፍየል ሸጬ ከደሴ፣
ሁለተኛውን በዱቤ፤ እንግዲህ የቀረኝ ነፍሴ።"
"አብሽር" አልኩት።
አብሽር ማለት ለአፍ ይቀላል፤ ሽቦ ግን አብሽር አይሰማ፤
ገልጠህ ካላየኸው በቀር፣ ተደብቆ ያድራል በጨለማ።

ባትሪው ላይ ቴስተር ሰካሁ፤ አሥራ ሁለት ተኩል አነበበ።
ያቺ ፍየል በከንቱ ሄደች። አልነገርኩትም፤ ፊቴን አነበበ።

ሞርሴቶውን ፈትቼ ፋቅሁ፤ ነጩን ጨው በሙቅ ውኃ አጠብኩ፤
ፊውዙን አወጣሁ፣ መለስኩ፤ የቁልፉን ሽቦ በጥርሴ ላጥኩ፤
የሞተሪኖውን ሁለት ቡሎን በካቻቢቴ አገናኘሁ፤
ብልጭ! ግማሽ ዙር አቃሰተ፤ ቆመ። ላቤን ጠርጌ አየሁ።

ቧንቧ ውኃ ጋራዥ ሳለን፣ ጋሽ ተኮላ እንዲህ ይሉ ነበር፦
"ኤሌትሪክ መንገደኛ ነው፤ መሄዱን ማንም ይመሰክር፤
አንተ መመለሱን ፈልግ።"
አንዱን ጫፍ ኔጌቲቩ ላይ፣ አንዱን ሞተሩ ብረት ላይ አድርጌ፣
"አዙር!" ዘጠኝ ቮልት። መንገድ የቀረውን አገኘሁት ፈልጌ።

"ይመር" አልኩት፣ "ማሳው ነው። የተበጠሰው ማሳው ነው።"
ፊቱ ጠቆረ። "ማነው የነገረህ? አደም ነው?
ሽማግሌ ሆነህ መጣህ? የድንበር ድንጋይ የተከለው፣
ያባታችንን እርሻ በገመድ ለካክቶ የከፈለው
እሱ ነው ወይስ እኔ?"

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። "ማሳ በኛ በጋራዥ ሰው
ይቺ ጥቁር ገመድ ናት፤ የሄደው የሚመለስባት ወደ ባትሪው።
ጣልያን ጥሎት የሄደ ቃል፤ ከእርሻ ጋር ያምታታነው።"

ሥር ገብቼ ባየው ቡሎኑ፣ እንደ ኩሬ ሣር አረንጓዴ፤
ከሃምሳው ክር የቀረው ሦስት፣ እሱም የያዘው በዘዴ።
ወፍራም ካቦ አልያዝኩም። "አለ" አለ ይመር፣ "አደም ቤት፤
ያባታችን ነው።" ከዚያ ዝም። ሮጠች ልጁ፣ ትንሿ ሐያት።
ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ከኋላዋ ግን ሰውየው።
ከድንጋዩ ወዲህ አልረገጠም፤ ካቦውን ግን ወረወረው።

ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁ፤
አዲሱን ማሳ አሰርኩ፣ ግሪስ ቀባሁ፣ ራቅ አልሁ።
"ቢስሚላህ" አለ ይመር።
ጠቅ አላለችም። ጮኸች! ጥቁር ጭስ፤ ዶሮዋ በረረች፤
ግራሩም፣ እኛም፣ ድንጋዩም ተንቀጠቀጥን፤ ተነሣች።

"አታጥፋት" አልኩት፣ "ዲናሞው ባትሪውን እስኪያጠግብ።"
ግማሽ ሒሳቤን ከፈለኝ፤ ግማሹ እህል ሲሰበሰብ።
አደም እዚያው ቆሞ ነበር፤ ሰላም አላለኝም፣ አልሄደም።

ድልድዩ ጋ ስንደርስ ድምጿ ገና ይከተለን ነበር፤
ከድንጋዩ ወዲህ ትረስ ወዲያ፣ ጆሮ አይለይ ከዚያ ዳር።
ባለባጃጁ ዞር አለና፣
"ባትሪው ነበር፣ አይደል?" አለኝ።