ቤት መምታት

በቫልፓራይሶ፣ ከወደቡ በላይ፣
ቆርቆሮ ለብሰው ቤቶች ተንጠልጥለው ከሰማይ፣
አንድ አዋጅ ወጣ። ብዙ ቃል አልፈጀም፤
«በር የሌለው ቤት ባለቤት የለውም።»
ይኸው ነው። ቀን፣ ማኅተም፣ ፊርማ።
የቀረው ሁሉ የመጣው በጨለማ።

ፌሮና መዶሻ በማዳበሪያ ከረጢት የያዙ
ልጆች ናቸው፣ ማጠፊያ ነቅለው በር የሚያጓጉዙ።
ለአንድ በር ሂሳቡ የሁለት ቀን ዳቦ፤
ላኪያቸው ታች ሜዳው ላይ ይተኛል፣ የራሱን በር በዘብ ከብቦ።
ጠዋት መዝጋቢው ኖራ በባልዲ ይዞ ይመጣል፣
ክፍት ቤት ሲያገኝ ግድግዳው ላይ ቁጥር ይጽፋል፤
ከሰዓት በኋላ የማታውቀው ሰው አልጋህ ላይ ይተኛል።

የኦያርሱኖች በር ከአሮጌ መርከብ የተነቀለ ሳንቃ ነው፤
አረንጓዴ የተቀባ፣ መሐሉ ላይ ክብ መስተዋት ያለው።
ኤሌውቴሪዮ፣ ክሬን ነጂው፣ በወፍራም የመርከብ ገመድ
በሩን ካልጋው አሰረው፣ አልጋውን ከምድጃው፤
«ከነቀሉንም» አለ፣ «ሁላችንም አንድ ላይ እንሂድ።»
ኤርሚኒያ ሲመሽ የዓሣ ዘይት ታፈሳለች
በላይኞቹ ሃያ ደረጃዎች፤ እጇን ታጥባ መረቧን ትሰፋለች።
ያስና አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሥራዋ በጨለማ መቁጠር፣
ከመንገዱ እስከ ደጃፉ መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ በኮቴ መስፈር።
ስልሳኛው ላይ ውሻው ካልጮኸ የሚመጣው ወዳጅ ነው።
ይህን ነበር የሚያውቁት፤ ይህ ነበር ሕጋቸው።

እኛ ግጥም ሠሪዎች ቤት ሲመታ ደስ ይለናል፤
እዚያ ኮረብታ ላይ ግን ቤት ሲመታ ሰው ይባንናል፣
ልጅ አልጋ ሥር ይገባል፣
ጎረቤት መብራት ያጠፋል።
ስለዚህ የቀረውን
ቤት ሳልመታ ብናገር ይሻለኛል።

በዘጠነኛው ሌሊት ጉም ነበር።
ያስና ቆጠረች። ብዙ እግር ነው። ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ።
ውሻው አልጮኸም።
ጅራቱ የደረጃውን ቆርቆሮ ሲመታ ብቻ ተሰማ።
ከዚያ በክቡ መስተዋት አንድ ፊት፤
ሊሳንድሮ፣ የዳቦ ጋጋሪዋ ልጅ፣
ባለፈው ፋሲካ በሩን የቀባው፣
ማጠፊያውን በራሱ እጅ ያጠበቀው።
የትኛው ብሎን እንደሚላላ ያውቃል።
«ዶኛ ኤርሚኒያ» አለ፣ «ክፈቱልኝና ቀስ ብዬ ልንቀለው፤
እነዚህ ይሰብሩታል።»

ማንም አልመለሰለትም።
ኤሌውቴሪዮ ገመዱን ሳበ። ብሎኑ ጮኸ።
ሊሳንድሮም ሊስብ አንድ እግሩን ወደ ኋላ አደረገ፣
ዘይቱ ላይ።

ያስና ሳታስበው ቁልቁል መቁጠር ጀመረች።
ሃያ ሁለት ላይ ድምፁ ቆመ።
ሌሎቹ ሮጡ። ውሻው ያኔ ጮኸ።

ጎህ ሲቀድ ይተነፍስ ነበር። እግሩ ወደማይታጠፍበት ታጥፏል።
ታች ድረስ፣ እናቱ ዘንድ፣ ሐኪም ካለም ሐኪም ዘንድ፣
በምን ይውረድ?
አልጋው ብረት ነው፤ በደረጃው መጠምዘዣ አያልፍም።
ብርድ ልብሱ ስስ ነው፤ ወገቡን ያጎብጠዋል።
ባልና ሚስት አልተነጋገሩም።
ኤርሚኒያ ካቻቪቴውን ከመሳቢያ አወጣች።
ኤሌውቴሪዮ ዘጠኝ ሌሊት ያጠበቀውን ቋጠሮ ፈታ፣
በዚያው ገመድ ልጁን ከበሩ ጋር አሰረው፣
በሩንም ለሁለት ተሸክመው ወረዱ፣
አመድ እየነሰነሱ፣ የገዛ ዘይታቸው እንዳይጥላቸው።

መዝጋቢው ኖራውን ይዞ ሲደርስ
ያስና ደፉ ላይ ቆማለች፣ ሁለት እጇ ሁለቱን መቃን ይዞ።
«በሩ የት አለ?»
«ሰው ሊሸኝ ወርዷል።»
«ይመለሳል?»
ደረጃውን አየች። ከአርባኛው በታች ያለውን ጉም ውጦታል።
«እስኪመለስ» አለች፣ «እኔን መዝግበኝ።»

ብሩሹ ከባልዲው ወጥቶ አየር ላይ ቆመ።
ኖራው ጫማው ላይ ይንጠባጠባል።