ጎን

ዐሥረኛ "ለ"፣ ደሴ፤ መስኮቱ ጉም ለብሶ፣
ቲቸር ሙሄ መስመር አሰመረ፣ ጠመኔውን ጨርሶ።
"ይኼ ጫፍ ግራ ይባላል፦ ላጣው ይድረስ፣ ይከፈል፤
ያ ደግሞ ቀኝ፦ የአባት ወግ፣ የራስ ንብረት፣ የራስ ዕድል፤
መሐል አለ፣ ዳርም አለ፤ ከዳር ወዲያ አዝዋ ገደል።"

ዘሀራ እጇን አወጣች፦ "አጎቴስ የት ይጻፍ ታዲያ?
ግብር ሲጠሩት ቀኝ ነው፣ እሳት ጎርሶ ከገበያ፤
ዘይት ሲወደድ ግራ ነው፣ 'የት አለ መንግሥት?' ባይ፤
ሚስቱ ስብሰባ ልሂድ ስትል
ከቀኝም ወዲያ፣ ከመስመሩ በላይ።"

"ግራ ገባኝ" አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።
ሙሄ አልሳቀም፤ የጣቱን አቧራ በካፖርቱ አበሰ።
"ከኮምቦልቻ ስትወጡ ጦሳ በግራ፣ ስትወርዱ በቀኝ፤
ተራራው ግን…" አለና ተወው። ደወሉ ቀደመው መሰለኝ።

ያልነገረንን ኋላ ሰማሁ፤ አባቱን በአድኃሪነት፣
አጎቱን በአናርኪስትነት፣ አጎሯቸው ባንድ ቤት።
በጎን ብቻ ነው የሚተኛው፣ ከክፍሉ ጥበት፤
አለቃው በእኩለ ሌሊት "ቀኝ!" ሲል፣ ሁሉም ባንዴ ተገላብጦ፣
"ግራ!" ሲል፣ ደግሞ በግራ።
አንድ ሰው እንቢ ካለ፣ ይነጋል ሁሉም አፍጥጦ።