የፓስፖርቱ ኮፒ

ነገ ፈተና አለበት፣ ዐዛን አልተኛም፤
የሱር ባሕር ወበቅ መስኮቱን አላበው፣ እሱ ግን አልሰማም፤
ከኩሽናው ጠረጴዛ መጽሐፉን ዘርግቶ፣
«ጦይባ፣ ጠይቂኝ» አለ፣ ዓይኑን በጣቱ አሽቶ።

እጄን ከአረፋው ውስጥ፣ ከእራቱ ድስት ሳላወጣ፣
ዞር ብዬ ገጹን አየሁት፤ የማውቀው ሰው መጣ።
ክብ፣ በክቡ ውስጥ ሌላ ክብ፣ ዙሪያውን ነጠብጣብ፤
ፊደሉ የእነሱ ቢሆን፣ ሥዕሉን አያቅተኝም ማንበብ።

ኮምቦልቻ፣ ዘጠነኛ ሐ፤ መምህር እንድሪስ በጠመኔ የሣለው፤
ሰባ ሁለት ልጅ ነበርን፣ ማይክሮስኮፑ ግን አንድ ነው፤
የሽንኩርት ስስ ገለፈት ልናይ ተሰልፈን በተራ፣
እኔ ጋ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀር ደወሉ ተጣራ።
በዓመቱ ደላላው መጣ። የሱ ታሪክ ይቆየን።

«ግድግዳ አለው?» አልኩት። «አለው» አለ በእርግጠኝነት።
«ተሳሳትክ። ግድግዳ የተክል ነው። የሰው ህዋስ ያለው ገለፈት፣
ከሁለት ረድፍ ስብ የተነጠፈ፣ ስስ፣ የሚያልፈውን የሚመርጥ።
ና እየው» አልኩት፣ ከድስቱ ላይ ዘይቱ ከውኃው ሲያመልጥ፤
«ይኸው ነው ድንበሩ። ስብ ውኃን ባይጠላ፣
ሁላችን ባሕር በሆንን ነበር፣ ያለ አንተ፣ ያለ እኔ፣ ያለ ሌላ።»

«በሩስ?»
«በሩን የሚጠብቁት ፕሮቲኖች ናቸው፤
ለጨው አንድ በር፣ ለስኳር ሌላ፤ ያለ ፈቃድ አያልፍም።»
ይህንንስ ያለ መጽሐፍም አውቀዋለሁ።

«ፕሮቲን ክር ነው፤ ሃያ ዓይነት ዶቃ ተሰክቶበት፤
ሥራው ግን ከዶቃው ብቻ አይደለም፣ ከአጣጠፉ ነው ያለበት።
የአባትህን ዲሽዳሻ ሳጥፍ አይተህ የለም? አንድ እጥፍ ከሳትኩ
ጨርቅ ብቻ ይሆናል።» ስንቴ ተቆጣኝ፣ ስንቴ መልሼ ተኮስኩ!
«ሙቀት ሲበዛም እጥፉ ይፈታል፤ እንደ እንቁላል አንዴ ከረጋ
አይመለስም። ወደቡን የሚሠሩትን አስብ፣ በነሐሴ ፀሐይ አለንጋ።»

አዛጋ። ከሳህኑ አንድ ተምር አነሳሁለት፤
«ብላ፣ ስኳር ነው፤ ማይቶኮንድሪያህ እሳት ያንድድበት።
እሱን ማን እንደሚያወርስ ታውቃለህ?» «አባት?» «እናት። እናት ብቻ።
እሷም ከእናቷ፣ እናቷም ከእናቷ፣ እስከ ዘር መነሻ።»

ዝም አልኩ እዚህ ላይ።
እማዬን ካየሁ ስድስት ዓመት ተቆጠረ፤
በየወሩ ሪያል እልካለሁ፣ ደሞዙ ካልቀረ፤
እሷ ግን በትንፋሽ በትንፋሼ ትልክልኛለች፤
በእያንዳንዷ ህዋሴ፣ ሺህ ቦታ፣ ነቅታ ታድራለች።

«ቀጥዪ» አለ ዐዛን። «ኒውክለስ?»
«ዋናው መዝገብ እዚያ ነው፤ ዲኤንኤ፤ ከቤቱ አይወጣም።
የሚወጣው ኮፒው ነው፤ አርኤንኤ፤ ራይቦዞም ጋ ይሄዳል፣
ይነበባል፣ ሥራው ይሠራበታል፣ ሲበቃው ይቀደዳል።»

ዐዛን ቀና አለ። እኔም ቀና አልኩ። ሁለታችንም ወደ ጣሪያው።
ፎቅ ላይ፣ ከአባቱ ክፍል፣ ከቁም ሳጥኑ ሥር፣ የብረት ካዝናው፤
ፓስፖርቴ እዚያ ነው፣ የመጣሁ ዕለት የተወሰደ፤
በኪሴ ያለው ኮፒው ነው፣ እጥፋቱ ላይ የተቀደደ።

«ጦይባ…» አለ። ቃል አጣ። ገና አሥራ አራት ዓመቱ ነው፤
ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ ቁልፉም ያለው ከአባቱ ነው።
«አንድ ነገር ጻፍ» አልኩት፣ «ፈተና ላይ ባይመጣም፤
ህዋስ መዝገቡን ራሱ ይጠብቃል፤ ቁልፉን ለሌላ አይሰጥም።»
ጻፈው? እንጃ። እስክሪብቶው ሲንቀሳቀስ ሰምቻለሁ።

ጠዋት፣ አውቶቡሱ ከወሰደው በኋላ፣ ለምሳ ሽንኩርት ስልጥ፣
ከቅርፊቱ ሥር ያለው ስስ ገለፈት ሳይቀደድ ወጣልኝ።
በሁለት ጣቴ ይዤ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ባሕሩ ብርሃን አነሳሁት።
ማይክሮስኮፕ የለም። ምንም አይታይም።
ብርሃን ብቻ ያልፋል።
ልጆቹ ከኋላዬ ተሰልፈው የቆሙ ይመስል ነበር፤
አልቸኮልኩም።
ተራዬ ነው።