ቀለም ላይ የታሰረ

ቶሪኖ፤ ሌሊቱን ሲዘንብበት ያደረ ግቢ።
የኡጎ ፊያት ሞተሩ ሲነሳ ያፏጫል፣
ነዳጅ ሲሰጡት ፉጨቱም አብሮ ይቀጥናል።
«አምፕሊፋየሩ ሞቷል» አለ፣ «ይጣል፣ ሌላ እገዛለሁ።»
«ቆይ» አልኩት፣ «ሬሳ አያፏጭም።»

ፊውዙን አየሁ፤ ደህና ነው።
የድምፅ ገመዱን ነቀልኩ፤ አሁንም ያፏጫል።
ቀዩን ሽቦ ከባትሪው ጀምሬ በጣቴ ተከተልኩ፣
ጥቁሩ ጋ ስደርስ
ያሰሩት ቀለም ላይ ነው፤ ያማረ ሰማያዊ ቀለም።
መሬት ያሉት ሽቦ
መሬት አልነካም።

«ካቻቢቴ» አልኩ፣ በአፌ ልማድ፤
ሳይጠይቅ አቀበለኝ።
«ፒንሳ»፤ እሱንም።
ቃሉ የማን እንደሆነ አልተከራከርንም።

ብረቱ እስኪያበራ ፋቅሁት፣
ብሎኑን አጠበቅሁ።
ኡጎ ቁልፉን አዞረ፦
ዝም።
ዘፈን ሳንከፍት
ዝምታውን ጥቂት አዳመጥነው።