ከሣሩ በታች

አራት ጣውላ ነበር፣ በአራት ሚስማር የቆመ፣
በጠል የራሰ፣ በፀሐይ የከረመ።
ብላዜና ቮንድራክ ሣሩ ላይ አኑራው
ተንበርክካ ቅጠሉን አንድ በአንድ ስትቆጥረው
ቄሱ በጋሪያቸው ሲያልፉ አይተዋት
«ልጄ፣ ለማን ነው ስግደቱ?» አሏት።
ቀና ሳትል መለሰች፦
«አባ፣ መቶ አሥራ አራት ደርሻለሁ፣
ካናገሩኝ እረሳለሁ።»

ነብራስካ ነው አገሩ፣ ከፕላት ወንዝ ማዶ፣
ከቦሄሚያ በመርከብ የመጣ ሁሉ
ሜዳውን ገልብጦ የሚያርስ፣ በሬውን ጠምዶ።
«ሣር ይታጨዳል እንጂ ምን ይጠናል?» ይላል አባቴ።
እኔ አሥራ ሦስት ነው ዓመቴ፤
በቀን ሃያ አምስት ሳንቲም ተቀጥሬ፣
አካፋዬን አንግቤ ተከተልኳት አፍሬ።

«እዚህ ቆፍር» አለችኝ። ቆፈርኩ።
ወገቤ ድረስ ገባሁ። «ቀጥል» አለች።
አናቴ ድረስ ገባሁ፤
መሰላል አወረደች።

ጎረቤታችን ህሩሽካ አጥሩን ተደግፎ፣
ፒፓውን ነቅሎ ካፉ፣
«ማን ሞተ?» አለን።
እሷ ከጉድጓዱ፣ አፈር በቅንድቧ፣
«ገና ማንም» አለች፣ ሳቋን ይዛ በልቧ።

እንደ አራስ ልጅ ገላ ሥሩን በውኃ አጠበች፣
ጭቃውን በመርፌ ጫፍ ፈለቀቀች፣
ማታ በፋኖስ ብርሃን ወረቀት ላይ ሣለች።
ያኔ ነው ያየሁት።
ላም የሚግጠው፣ ነፋስ የሚጫወትበት ሣር
ከወረቀቱ ራስ ሁለት ጣት አይሞላ።
ከታች ግን፣
እንደ ተፈታ የሴት ጠጉር ተዘርግቶ፣
የሰማያዊው አገዳ ሥር አራት ክንድ ወርዶ፣
የሜዳው ጽጌረዳ ከሱም አልፎ ሄዶ፣
መሰላላችን ያልደረሰበት ጨለማ ገባ።
«ሜዳው ያለው ታች ነው» አለች።
«እኛ የምናርሰው ጣራውን ነው።»

ሥዕሉን ጠቅልላ ከተማ ወሰደችው።
ኮሌታቸው የነጣ መምህር አዙረው አዩት፣ አገላብጠው አዩት፣
«የባልሽ እጅ ቀና ነው» ብለው መለሱት።
ባል አልነበራትም።
ይህን የነገረችኝ ከሃያ ዓመት በኋላ ነው፣
ሳትቆጣ፣ ድንች እየላጠች።

ከዚያ ሰማዩ ዘጋ።
ሥሩ ተነቅሎ ስንዴ የተዘራበት መሬት
ክንፍ አውጥቶ በረረ።
በቀትር ፋኖስ አበራን፤ የበላንበት ሳህን
በጥርሳችን አሸዋ ሆኖ ተሰበረ።
አባቴ ላሞቹን ሸጠ። ህሩሽካ በሩን ቸንክሮ፣
ፍራሹን መኪናው ጣራ ላይ በገመድ አስሮ
ወደ ምዕራብ ነዳ።
እሷ አፍንጫዋን በእርጥብ ጨርቅ ሸብባ፣
በዚያ አቧራ መሐል ከጣውላዋ ገባ፣
ጻፈች፦ ግንቦት፣ ዜሮ። ሰኔ፣ ዜሮ።
«ዜሮ ምኑ ይጻፋል?» አልኳት ቢመረኝ።
«ዜሮውን ካልጻፍኩት፣
አንድ ሲመጣ ማን ያምነኛል?» አለችኝ።

በሰባተኛው ዓመት ዘነበ።
ባርኔጣ ከማራስ አላለፈም።
በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ከጣውላው ሰሜን ጥግ፣
እንደ መርፌ የቀጠነ፣ ጫፉ የቀላ
አንድ ቅጠል ብቅ አለ።
ዘር አልነበረም። ቁጥር አሥራ ሰባት ነው፤
እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ጎረቤቱን ነቅለን የሣልነው።
ሰባት ዓመት ሙሉ ታች ሆኖ፣
ስሙን የሚጠራው ሳይኖር፣ ኖሯል።
አላለቀሰችም። የእርሳሷን ጫፍ በምላሷ አርሳ
ጻፈች፦ አንድ።

ባለፈው መጋቢት አረፈች።
አካፋውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤
ስድሳን አልፌያለሁ፣ ወገቤም አይታዘዘኝ።
በሜዳው ዳር፣ ራሷ በመረጠችው፣
ጉልበቴ ድረስ ስቆፍር ያንን ሥር አገኘሁት፣
አውራ ጣት የሚያህል፣ ቁልቁል የሚወርደውን፣ የጽጌረዳውን።
አካፋዬን አስቀምጬ አፈሩን በጣቴ ጠረግኩለት፣
ጉድጓዱንም ወደ ጎን አንድ ክንድ አዞርኩለት።

አንድ ጎረምሳ፣ ቄሱን ያመጣው ሾፌር፣
ቁልቁል አይቶኝ «ሽማግሌ፣
መቃብሩ ለምን ተጣመመ?» አለ።
ሥሩን አሳየሁት።
«እዚህ ጋ» አልኩት፣ «ሰው አለ።»